ያልተላከው አተላ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ፒያሳ ካለው መድኃኒት ቤት አንድ ብልቃጥ ክኒን ገዝታልኝ መጣች፤ ለጉልበቴ ነው አለች። መነጽሬን አድርጌ ጽሑፉን ሳነበው፣ ክኒኑ የተሠራው ወይን ከተጨመቀ በኋላ ከሚቀረው ልጣጭና ፍሬ ነው ይላል። ልጄ፣ አተላ ነው እኮ የሸጡልኝ ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አተላ ሲነሣ ዛሬም ግራ የሚያጋባኝ አንድ ነገር አለ።

ያን ጊዜ የመጨረሻ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርሁ። ለመመረቂያ የመረጥሁት ሥራ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ አስቆ ነበር፤ ጠላ ሲጠለል ከሚቀረው አተላ ውስጥ፣ ከጌሾው የመጡትንና ለጤና የሚበጁትን ንጥረ ነገሮች መልሶ ማውጣት። እኔ ግን ለከብት ከሚደፋው ነገር መድኃኒት የማወጣ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ሦስት ናሙና ከጎንደር ጠላ ቤቶች አገኘሁ። አራተኛውን እንፍራንዝ የምትኖረውን የአባቴን እህት፣ አክስቴን ሙሉነሽን ለመንሁ። በገበያ ቀን ጠላ ትሸጥ ነበር፤ እንደሷ ጋን አጥባ የምታጥን ሴት አላውቅም። አተላውን እንዳለ በጀሪካን ላኪልኝ አልኋት። እሺ አለች። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በማኪና ረዳት እጅ ይደርሰኝ ጀመር።

አሠራሩ ቀላል ነው። አተላውን አደርቃለሁ፣ እፈጫለሁ፣ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፌ አጠልላለሁ። በመጨረሻ አንድ ፈሳሽ ጠብ ሲደረግበት ሰማያዊ ይሆናል፤ የምንፈልገው ነገር በበዛ ቁጥር ሰማያዊው ይጠቁራል። የከተማዎቹ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ሸሚዝ ፈዘዝ ያሉ ነበሩ። የአክስቴ ግን ቀለም የተደፋበት መሰለ። ብልቃጦቹን አጥቤ ደገምሁት፤ ያው ነው። ሚዛኑን ጠረጠርሁ፣ ውሃውን ጠረጠርሁ፣ በመጨረሻም ራሴን።

አማካሪዬ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን ግን ወንበር ስበው ብልቃጡን ደጋግመው አዩት። አፈሩ ይሆን? እንፍራንዝ ለሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ይሆን? ለሌሎቹም መምህራን አወሩላቸው። ነገሩ ሲያስደስተኝ ወዲያው አስፈራኝ፤ ፈተናው ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር።

«ምክንያቱን ሳታውቂ ፈታኞች ፊት አላቆምሽም» አሉኝ። «ሄደሽ እዪ።»

ምክንያቱን ካላገኘሁ ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም ማለት ነው።

ግንቦት ነበር። የሚኒባሱ መስኮት አይከፈትም፤ አቧራው ግን የሚገባበት አያጣም። የአንድ ሰው የሽንኩርት ጆንያ ጉልበቴ ላይ ተደግፎ፣ እኔ ስለ አፈሩና ስለ ጉድጓድ ውሃው የምጠይቀውን ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር። እንደምመጣ ለአክስቴ አልነገርኋትም።

ጓሮ አገኘኋት። ሙቀጫ ፊት ተቀምጣ የደረቀ ጌሾ ትወቅጣለች። አተላው ሁሉ ገንዳ ውስጥ ነው፤ ላሚቱ እስከ ጆሮዋ ገብታበታለች። ጀሪካኑ ከአክስቴ ጎን ቆሟል። የወቀጠችውን ጌሾ ከጥንስስ ጋር እየለወሰች ትሞላበታለች።

«ምነው አክስቴ፣ አተላው የታለ?»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ማፈር አልታየባትም። «አይ ልጄ፣ ለላም የሚሰጥ ነገር ላስተማሪዎችሽ እልካለሁ? ወንድሜ ልጁን አስተምሮ፣ እህቱ አተላ ጫነችለት ይባል? ሸጋ ሸጋውን ነው የላክሁልሽ።»

ከኋላዋ የጌሾ ተክሎቿን አየኋቸው። ቅጠላቸው ተሟጦ እንጨቱ ብቻ ቀርቷል። የገበያዋን ጠላ የምትጠምቀው በነሱ ነበር። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅሁም። ተናደድሁባት፤ ወዲያው ደግሞ በመናደዴ አፈርሁ። ሥራው አልቋል፣ ከእንግዲህ አትላኪ ብቻ አልኋት። ትኩስ ቂጣ በድልህ አቀረበችልኝ፤ በላሁ።

አማካሪዬ ጉዳዩን ስነግራቸው አልተቆጡኝም፤ ያለሷ ናሙና ጻፊው አሉኝ። በሦስቱ ፈዛዛ ናሙናዎች ተፈተንሁ፣ መካከለኛ ውጤት አግኝቼ አለፍሁ። ወረቀቱ ላይ ግን በገዛ እጄ የጻፍሁት አንድ መስመር አለ፤ «አራተኛው ናሙና፣ የተበላሸ፣ የተጣለ» ይላል።

ለምረቃዬ አክስቴ ድፎ ዳቦ አሸክማ መጣች። ፎቶ ስንነሣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ያ የላከችው ነገር ጠቅሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በጣም ጠቅሞኛል አልኋት።

«አየሽ» አለች ፊቷ እየበራ፣ «አተላውን ልኬልሽ ቢሆን ምን ይውጥሽ ነበር?»

እኔም ዛሬ ተማሪዎች አማክራለሁ፤ ያላዩትን እንዳይጽፉ አስጠነቅቃለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔው ግን እያደር ደፈረሰብኝ። ስንት ጊዜ ልነግራት ተነሥቼ ተመለስሁ። አክስቴ አርጅታለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ወሬዋ ግን አልደከመም። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃት ብሄድ፣ ይችን ልጅ ያስመረቃት የኔ ጌሾ ነው እያለች ለጎረቤቶቿ ጀመረችላቸው። ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«እውነቷን ነው» አልኋቸው።

ዋሽቼ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።