የመሪጌታ ኪዳነ ማርያም ጾመኛ የልጅ ልጅ

ደባርቅ ውስጥ በልጅ ልጁ የማይመካ ሽማግሌ አይገኝም። የሌላው ሰው የልጅ ልጅ ግን ቢበዛ ብልህ ወይም ቆንጆ ነው። የመሪጌታ ኪዳነ ማርያም የልጅ ልጅ ዋሴ ቅዱስ ነበር።

መሪጌታ ማስረጃቸውን ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ይናገሩ ነበር። ልጁ በፍስክ ይታመማል፣ በጾም ይድናል። የፋሲካ ዕለት ከንፈሩ ያብጣል፣ ደረቱ ያፏጫል፣ መተኛት አቅቶት ቁጭ ብሎ ያድራል። ጾም ሲገባ ደግሞ እንደ ጥጃ ይቦርቃል። ለመጾም ዕድሜው ገና ሳይደርስ ሰውነቱ ፍስክን አልቀበልም ማለቱ፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ከገድል መጽሐፍ ውጭ ያልታየ ነገር ነው። አንዲት ጎረቤት ይህን ሰምታ የታመመ ልጇን አመጣችና ዋሴ እጁን እንዲጭንበት ለመነች። ዋሴ እጁን ጫነበት፤ በሌላኛው እጁ ግን የታማሚውን ዳቦ ወሰደበት።

መሪጌታ ራሳቸው በልጅነታቸው ከመካነ ብርሃን በኩል ደበሎ ለብሰው የወጡ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ደበሎ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ለብሶት የሚለምን፣ ለብሶት የሚተኛ የበግ ለምድ ነው። የዚያን ዘመን ረሀብና ብርድ እንደ ገነት ያወሩታል። ባታቸው ላይ ያለውን የውሻ ንክሻ ጠባሳ ሲያሳዩ እንኳ በናፍቆት ነበር። አርጅተውም ከለምድ አልተለዩም፤ ጥግ ላይ በተነጠፈች አጎዛቸው ላይ ከእሳቸው በቀር ድመቷም አትቀመጥም።

የዋሴ እናት አበባ የመሪጌታ አንዲት ልጅ ናት። ባሏ አለነ በሚሊሺያነት ወደ ኦጋዴን ሄዶ አልተመለሰም። ዶሮ እያረባች ቅዳሜ ገበያ እንቁላል ትሸጣለች። ከሚሸጠው ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ እንቁላል ለዋሴ ታስቀራለች፤ ደካማ ልጅ በእንቁላል ይጠነክራል ሲባል ሰምታለች። ደረቱ ሲብስበት ሁለት ታደርግለታለች። ጾም ሲገባ መሪጌታ ባሉበት ቤት የእንቁላል ስም ማንሳት ስለማይቻል ልጁ ይድናል። እናቱ መድኃኒቱ ስለተቋረጠበት ትሰጋለች፣ አያቱ ቅድስናውን ያደንቃሉ።

በአንድ ፋሲካ ልጁ እስትንፋሱ ሊቋረጥ ሲል መሪጌታ ተስለው ነበር። ከተረፈ፣ ሰባት ዓመት ሲሞላው መካነ ብርሃን አካባቢ ባለ ገዳም ለሚያስተምሩ መምህር ሊሰጡት። እናቱን አልጠየቋትም። ስለት ከላይ ካለው ጋር እንጂ ከሴት ልጅ ጋር የሚዋዋሉት ነገር አልመሰላቸውም። ሰባት ዓመቱ የሚሞላው በ1975 መስከረም ነበር። አበባ ከባሏ የቀራት እሱ ብቻ ነውና፣ መስከረም በተነሳ ቁጥር ሥራ ፈልጋ ከቤት ትወጣለች።

ከዚያ በፊት፣ በ1974 ክረምት ከጎንደር ሐኪሞች መጡ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ደምለው ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሕፃናት ሁሉ ጤና ጣቢያ እንዲቀርቡ አስነገሩ። ወዲያው ወንድ ልጆች ለወደፊት ዘመቻ ሊመዘገቡ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ሰውም ወንድ ወንዱን ደብቆ ሴቶቹን ይዞ መጣ። ሐኪሞቹ በመጀመሪያው ቀን፣ አስም ደባርቅ ላይ ሴት ሕፃናትን ብቻ የሚይዝ መሆኑን ተመልክተው እርስ በርስ ሲከራከሩ ዋሉ። ክርክሩን ያቆመው በማግሥቱ አበባ ይዛው የመጣችው ዋሴ ነው። ለአባቷ አልነገረቻቸውም።

ዶክተር አሻግሬ የሚባለው ወጣት ሐኪም፣ የሚያጠኑት የደጋ ልጆችን ደረት የሚያፍነው ምን እንደሆነ፣ የሚበሉት ምግብም እጁ ይኑርበት አይኑርበት ነው ብሎ አስረዳት። በልጁ ክንድ ላይ ልዩ ልዩ ፈሳሽ በየተራ ጠብ አድርጎ በመርፌ ጫፍ ጫር ጫር አደረገው። ጥቂት ቆይቶ የእንቁላሉ ቦታ ቁንጫ እንደበላው ቀልቶ አበጠ። የበግ ጠጉሩም ቦታ አበጠ። ሐኪሙ እንቁላል ከእንግዲህ እንዳታቀምሰው፣ ከበግ ጠጉርም እንድታርቀው፣ ደረቱ ማፏጨት ከጀመረም ሳትውል ሳታድር ይዛው እንድትሮጥ ነገራት። አበባ በግ የለኝም ብላ ሁለተኛውን ምክር እዚያው ተወችው። መንገዱን ሙሉ የምታስበው በገዛ እጇ ልጣ ያጎረሰችውን እንቁላል ነበር።

ማታ ለአባቷ ነገረቻቸው።

«አባባ፣ ልጁን የሚያመው እንቁላል ነው አሉ። ቅድስና አይደለም።»

መሪጌታ ቆሎአቸውን አድቅቀው ዋጡ። ከዚያ፣ «ገዳም ውስጥ እንቁላል አለ?» ብለው ጠየቁ።

«የለም።»

«እንግዲህ ሐኪሙም የኔን ነው ያለው። ልጁን ገዳም አስገቢው ነው የሚልሽ።»

 ከሐኪም ቤት ያመጣችው ማስረጃ ለአባቷ ምስክር ሆኖ አረፈው።

መሪጌታ በዚህ ድል ተደስተው ሁለት ለምድ ገዙና በገዛ እጃቸው ለዋሴ ትንሽ ደበሎ ሰፉ። አበባ ደበሎውን ስታይ የተወችው ምክር ትዝ አላት፤ ጠጉሩም አይስማማውም ተብሏል ስትል ነገረቻቸው። መሪጌታ ከልባቸው ሳቁ።

«ዳዊት በበግ መሀል ነው ያደገ» አሉ። «አስም ነበረበት የሚል ግን አላነበብሁም።»

ሳቁ ብቻውን አልበቃቸውም። ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ዋሴ ፍልሰታን ደበሎውን ለብሶ እንደሚያስቀድስ ተናገሩ። በጾም መካከል ከታመመ ስለታቸው አልተወደደም ማለት ነው፣ አይወስዱትም። ካልታመመ መስከረም ሲጠባ ጉዞ ነው። በጾም ታሞ የማያውቅ ልጅ ይዘው ስለተናገሩ፣ እንደሚያሸንፉ እርግጠኛ ነበሩ። አበባ ልጇ እንዲህ በመያዣነት መቅረቡን አልወደደችም። ደበሎውን ሰርቃ ከዶሮው ቆጥ ጀርባ ደበቀችው። መሪጌታ የፍልሰታን የመጀመሪያ ቀናት ደበሎ ሲፈልጉ አሳለፉ፤ በመጨረሻ የጠቆማቸው የአንዲት ዶሮ ጩኸት ነው። ለምዱ ሞቅ ብሏት እላዩ ላይ እንቁላል ጥላ ነበር።

በማግሥቱ አበባ ወፍጮ ቤት እንደሄደች ልጁን አለበሱት። ጉም ከሊማሊሞ በኩል ወርዶ ደባርቅን ሸፍኖት ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ለመቁረብ በመጡ ሕፃናት ተሞልቷል። ዋሴ በአዲሱ ልብሱ ኮርቶ፣ ሲበርደው ደግሞ ጠጉሩን ወደ ውስጥ ገልብጦ እስከ አፍንጫው ተሸፈነ።

መሪጌታ እያዜሙ ሳለ ከዜማው ሥር ቀጭን ፉጨት ሰሙ። መጀመሪያ ከደብተራዎቹ አንዱ የተሳሳተ መስሏቸው በቁጣ ዞሩ። ያፏጨው የዋሴ ደረት ነበር። ልጁ ምሰሶ ተደግፎ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ጊዜው ጾም ነው፣ ፍልሰታ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ውኃ እንኳ በአፉ አልዞረም።

መሪጌታ ያነሱትን ዜማ ሳይጨርሱ ሲያቆሙ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። መቋሚያቸውን ጥለው ደበሎውን ከልጁ ላይ ገፈፉት፣ በጋቢያቸው ጠቅልለው አቀፉትና በጭቃው ቁልቁል ወደ ጤና ጣቢያው ሮጡ። ያያቸው ሰው ሁሉ ሽማግሌው በባዶ እግራቸው እንዲህ መሮጥ እንደሚችሉ አያውቅም ነበር።

ዶክተር አሻግሬ መርፌ ወጋው። ፉጨቱ ቀስ በቀስ ላላ፤ ከንፈሩም ደም መሰለ። አበባ ፀጉሯ ዱቄት እንደለበሰ ደርሳ ልጇን ከአያቱ እጅ ተቀበለች።

«ጾመኛ ነው» አሉ መሪጌታ፣ በራሳቸው ላይ የሚመሰክሩ ይመስል። «እንቁላልም፣ ወተትም፣ ምንም አልቀመሰ።»

«ምን ለብሶ ነበር?» አለ ሐኪሙ።

«እኔ ያለበስኩትን።»

አበባ ልጇን አቅፋ፣ «መስከረምስ አባባ?» ብላ ጠየቀች።

«ቃሌን ሰፈሩ ሰምቶታል። አልወስደውም» አሉ መሪጌታ።

ነገሩን እዚያ ላይ ቢተዉት ኪዳነ ማርያም አይባሉም። ልጁ ይህን በሽታ ከማን እንደወረሰ ይታወቅ ብለው ክንዳቸውን ገልጠው ተቀመጡ። ሐኪሙም ሳቁን እንደምንም ይዞ ጫር ጫር አደረጋቸው። አንድም ቦታ አላበጠም።

«ለእርስዎ የማይስማማ ነገር አላገኘሁም» አላቸው።

«አባባ ከሰው ጋር ነው እንጂ የማይስማሙት» አለች አበባ። ያን ክረምት ስትስቅ የተሰማችው ያኔ ነው።

ስለቱ ግን ያስጨንቃቸው ነበርና ለነፍስ አባታቸው ነገሩ። ነፍስ አባታቸው፣ የተሳሉት የሌላ ሰው ልጅ ነው፤ የራስዎን ይስጡ አሏቸው። መሪጌታ ደበሎውን ለአንድ መንገደኛ ተማሪ ሰጡት። አጎዛቸውንም፣ ድመቷ እያየች፣ ከቤት አወጡ። መስከረም ሲጠባ ዋሴ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባ፤ ጠዋት ጠዋት ፊደልና ዳዊት የሚያስቆጥሩት ግን አያቱ ናቸው። ጉራቸውም አልቀረም፤ መልኩን ብቻ ለወጠ። ከደባርቅ ሕፃናት ሁሉ ክንዱ የበለጠ ያበጠው የኔ ልጅ ነው ይላሉ። ሐኪሞቹ እንዲህ ብለዋል ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

ለተከታዩ ፋሲካ አበባ ለዋሴ እንቁላል የሌለበት ወጥ በሌላ ድስት ሠራችለት። ሐኪሙ የከለከለው ልጁ እንዳይበላ ብቻ ነው። መሪጌታ ግን የራሳቸውን ሥርዓት ጨመሩ፤ የተቀቀለ እንቁላል ደጃፉን አያልፍም አሉ። ስለዚህ ጾሙ ሲፈታ ድርሻቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ጀርባ ሄዱ፤ ነፋሱ ወደየት እንደሚነፍስ አይተው ቆመው በሉ። ከዚያ እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ጢማቸውን ታጠቡ።

«ጨረሱ እንዴ?» አለ ዋሴ ከበሩ ላይ።

«ቆይ፣ ጢሜን ልድገመው» አሉ መሪጌታ፣ ወደ ውኃው እየተመለሱ።