ለአባዬ የተላኩት ሽማግሌዎች

ልጅ እያለሁ እሁድ የምትሸተኝ የታጨደ ሣር፣ እርጥብ ካልሲና የእግር ማሻሻ ቅባት ነበር። ሪደርቫልድ ሰፈር ከሚገኘው ቤታችን ጀርባ ባለች ሜዳ የፍራንክፈርት ሐበሾች ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይሰበሰቡ ነበር፤ እኔም ነጠላዬን ለእናቴ ወርውሬ ዳር ላይ እቀመጣለሁ። ከማይን ወንዝ የሚነሳው ጉም አንዳንዴ እስከ ቀትር ሜዳው ላይ ይተኛል። ተጫዋቾቹ ከጉሙ ብቅ ይላሉ፣ ተመልሰው ይጠፋሉ። አባዬን ግን በሩጫው እለየዋለሁ፤ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ኳሷን ሳያያት ነበር የሚነዳት።

አባዬ አገር ቤት ለትልቅ ክለብ የተጫወተ አማካይ ነው። እዚህ ሳምንቱን ሙሉ አየር ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን ይሰነብትና እሁድ የሐበሾቹ ቡድን አምበልም አሰልጣኝም ይሆናል። ችግሩ ጉልበቱ ነበር። እያደር አንድ እግሩ ይጎተት ጀመር። የቡድኑ ልጆች ግን፣ አብዛኞቹ በቅርቡ የመጡ ስደተኞች ናቸው፣ ኳስ ባገኙ ቁጥር "ጋሼ፣ እንኩ!" እያሉ ለእሱ ያቀብላሉ። ታላቅ እያለ ማን ጎል ይመታል? በአክብሮት ብዛት ተሸነፍን፤ ደግመንም ተሸነፍን። ዳዊት የሚባል እንደ ጥይት የሚፈተለክ ልጅ ደግሞ በተጠባባቂነት ተቀምጦ ይውላል። "ጋሼ፣ ይበቃዎታል" የሚል አንደበት ከየት ይምጣ?

ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላኩበት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው በራችን ላይ ቆሙ። ከእኛ ጋር የምትኖረው አክስቴ ሰናይት ገና አላገባችም ነበርና እናቴ ሽማግሌዎቹን ስታይ "ቀሚስ ቀይሪ!" ብላ ወደ መኝታ ቤት ገፋቻት። አባዬም እንደዚያው መስሎት ኮስተር ብሎ ተቀመጠ፤ ከንፈሩ ግን ሊስቅ ሊስቅ ይል ነበር። "ተቀመጡ እንጂ" ቢላቸው፣ እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ።

"እህቴን ልትጠይቁ ከሆነ..." ብሎ ጀመረ።

"የለም" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። "የላኩን ልጆችህ ናቸው። መሐል ሜዳውን ለዳዊት ልቀቅላቸው፤ አንተ አሰልጣኝ ብቻ ሁንላቸው።"

አክስቴ በአዲስ ቀሚሷ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። እኔ የማየው አባዬን ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በዚህ አገር እሱን የሚያስደስተው ያቺ እሁድ ብቻ እንደ ነበረች አውቃለሁ፤ እሷንም ሊወስዱበት ነው ብዬ ጠላኋቸው።

"ራሳቸው ለምን አልነገሩኝም?"

"በምን ዓይናቸው አይተውህ?"

ጉልበቱን ሲያሻሽ ቆየ። "እሺ፣ ቴርሚን ልስጣችሁ" አለ በመጨረሻ፣ ቀጠሮን በጀርመንኛ ጠርቶ። "ነገ፣ ሜዳው ላይ።"

በነጋታው ማልያውን ለብሶ ገባ። እምቢ ማለቱ ነው ተብሎ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከእረፍት በኋላ ግን ኳስ ተቀብሎ ሁለት ሰው አለፈ፣ ሦስተኛውንም አታለለ፤ ከዚያ ኳሷን ወደ ውጭ አውጥቶ ዳዊትን ጠራው። የአምበልነቱን ጨርቅ ከክንዱ ፈትቶ አሰረለት። ዳዊት ጎንበስ ብሎ ያንኑ የታመመ ጉልበቱን ሳመው። አባዬ ወደ ዳር ወጣ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ግን ጠፋበት።

ዛሬ አባዬ ፌኸንሃይም በሚባል ሰፈር ታዳጊዎችን ያሠለጥናል፤ በሁለት ቋንቋ ይቆጣል፣ ዋንጫም በልቷል። ልጆቹ ኳስ ሲነዳ አይተውት አያውቁም። እኔም አድጌ ሥራ ይዣለሁ፤ በመሥሪያ ቤታችን አንድ ሰው ቦታውን እንዲለቅ ሲፈለግ ሁለት መስመር ኢሜይል ይደርሰዋል፣ በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ነው። ያኔ የጠላኋቸውን ሰዎች አሁን ሳስባቸው ሆዴ ይባባል፤ ሰውን አክብሮ "ይብቃህ" ማለት እንዲህ ይቻል ነበር። ቢሆንም አንዳንዴ አባዬን በህልሜ አየዋለሁ። ሁልጊዜ ሲጫወት ነው። ማንም ሽማግሌ አይልክበትም።