ርችቱና ጊደሯ

ጎረቤቴ ልጁን ያስመረቀ ዕለት ታቦር ሰፈር ያልተጠራ ሰው አልነበረም። እኔም ተጠርቻለሁ። ድንኳኑ የግቢዬን አጥር ተደግፎ ስለተተከለ ባይጠራኝ እንኳ ጭሱና ሙዚቃው ቤቴ ድረስ መጥተው ይጠሩኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ካርቶኖች ከመኪና ሲወርዱ አየሁ። ከአዲስ አበባ ያስመጣው ርችት ነው። ሄጄ በትሕትና ለመንኩት። ላሜ እርጉዝ ናት፣ ልትወልድ ሳምንት ቢቀራት ነው፣ በረቷም ከአጥሩ ሥር ነው፤ እባክህ ወደ ታች፣ ወደ ባዶው ሜዳ ወስደህ ተኩሰው አልኩት። ብርጭቆውን እንደያዘ ወደ እንግዶቹ ዞረ።

«ምን ችግር አለው፣ ላሟም ከልጄ ጋር ትመረቅ እንጂ» አለ።

ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ፊት ሲያዋርዱኝ መሳቅ ሥራዬ ነው። ማን ማን እንደሳቀ መያዝም ሥራዬ ነው።

ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ እንደጠለቀች የመጀመሪያው ተተኮሰ። ሰማዩ ቀላ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። ሕፃናቱ ዘለሉ። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቆማ «ደስ ሲል» አለች። እውነቱን ለመናገር እኔም አንጋጥጬ አፌን ከፍቼ ነበር። ለራሴ ይቅር ያላልኩት እሱን ነው። ሰው ሽቅብ ሲያይ እንስሳው መሸሻ ይፈልጋል። የሰፈሩ ውሾች የቆሙ መኪኖች ሥር ገቡ። ሐይቁ ዳር ካሉት ዛፎች አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተነሥተው፣ የት እንደሚሄዱ ጠፍቷቸው ከራሳችን በላይ ይዞሩ ጀመር። ልጆቹ እነሱም የዝግጅቱ አካል መስለዋቸው አጨበጨቡላቸው።

ሦስተኛው ፍንዳታ ላይ የበረቱ ቆርቆሮ ሲገነጠል ሰማሁ። ስደርስ ላሟ ገመዷን በጥሳ፣ አጥሩን ጥሳ፣ ውጭ ያለው የጎርፍ ቦይ ውስጥ ወድቃለች። ዳሌዋ ተሰብሯል። ሰማዩ በበራ ቁጥር ልትነሣ ትሞክራለች፤ መልሳ ትወድቃለች። የከብት ሐኪሙ መጥቶ አያትና ራሱን ነቀነቀ። ጥጃዋን ለማትረፍ ሞከረ፤ ሴት ነበረች፤ ሞታ ወጣች። ልጆቼ ሰባት ዓመት ወተቷን ጠጥተው ያደጉባትን ላም እዚያው አረድናት።

በማግስቱ ጠዋት ተመራቂዋ ልጅ መጥታ ባለቤቴ ትከሻ ላይ አለቀሰች። አባቷ አልመጣም። ዘበኛውን ልኮ ሥጋው የሚሸጥ እንደሆነ አስጠየቀ።

ክስ አላልኩም። ዕድር ላይም አላነሣሁትም። ሰላምታውን በሰላምታ እየመለስኩ ጠበቅኩ። ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ ሰው ክረምት እስኪመጣ መጠበቅ ያውቅበታል።

ዓመት ሳይሞላ ፒያሳ ወዳለው ሱቄ ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ። ዕቃ ሳይነካ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ወንበር አቀረብኩላቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የሲዳማ መንደር የመጡ ናቸው። የወንድማቸው ልጅ የጎረቤቴን ልጅ ሊያገባ አስቧል፤ ለጥያቄ ከመሄዳቸው በፊት ስለ ቤተሰቡ ጎረቤት መጠየቅ ደግሞ ወግ ነው።

ልቤ ጮቤ ረገጠ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ክፉ መናገር አያስፈልግም። «እኔ ምን አውቄ» ብሎ አንገት መድፋት ይበቃል፤ ጋብቻው እዚያው ይቀራል። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያለቀሰችው ልጅ ፊቴ ድቅን አለች። ዱላዬ እሷ ላይ እንዲያርፍ አልፈለግኩም። ማረፉን ግን እፈልጋለሁ።

«ልጅቷ ወርቅ ናት፤ አትለፏት» አልኳቸው። «ስለ አባቷ ላሜን ብትጠይቋት ይሻል ነበር። የለችም እንጂ።»

ትልቁ ሽማግሌ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። የላሟን መልክ ጠየቁኝ። ስንተኛ ወሊዷ እንደነበረ፣ ስንት እንደምትታለብ፣ ጥጃዋ ምን እንደነበረች ጠየቁኝ። ስለ ልጅቷ ከጠየቁኝ ስለ ላሟ የጠየቁኝ በለጠ። የሆነውን ስነግራቸው ቆይቼ በዘበኛው ሥጋውን ያስጠየቀበት ጋ ስደርስ ሁለቱ በቋንቋቸው፣ በሲዳሙ አፎ፣ ጥቂት ተነጋገሩ።

«ይህ ነገር ሳይታረቅ እኛ እዚያ ቤት እህል አንቀምስም» አሉ ትልቁ። «በምን ይካስህ?»

«ገንዘብ አልፈልግም፤ ገንዘብማ በዘበኛው ይልከዋል። ጊደር ያምጣልኝ። በእግሩ፣ በገዛ እጁ እየጎተተ፣ በጠራራ ፀሐይ።»

«አንተስ ክፉ ነጋዴ ነህ» አሉኝ። ምስጋና አድርጌ ወሰድኩት።

ጎረቤቴ ሦስት ሳምንት አንገራገረ። በፒክአፕ ጭኜ ልላክለት አለ፤ ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ። በመጨረሻ ልጅቷ ቤት ውስጥ አኮረፈች መሰለኝ፣ አንድ እሑድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን በሚመለስበት ሰዓት፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ገመድ ይዞ፣ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ከአስፋልቱ ወደ ዳገቱ ታጠፈ። ጊደሯ ለጥሩምባ አዲስ ናት፤ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ወደ ኋላ ትጎትተዋለች። አንዱ ሹፌር አጠገቡ ቀስ አለና፣ «ጌታው፣ እኔ ላድርስዎት ወይስ እሷ ታደርስዎታለች?» ብሎት አለፈ። ሰፈሩ በየበሩ ወጥቶ ያያል። የሚስቅ አልነበረም።

እኔ ደጄ ላይ ዱካ አስወጥቼ ተቀምጫለሁ። አልተነሣሁም።

«ይኸው፣ ተቀበለኝ» ብሎ ገመዱን ዘረጋልኝ።

«የምትታሰረው በረቱ ውስጥ ነው። ግባና እሰራት።»

ሲዘንብ ስላደረ ግቢው ጭቃ ነው። ባለቤቴ ጠዋት የመረገጫ ድንጋይ ላንጥፍ ስትል ተይ ብያታለሁ። ገባ። ጭቃው ጫማውን ውጦ ካልሲው ላይ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ ሲያስር፣ ለጊደሯ የሚነግር ይመስል ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ አንድ ነገር አጉረመረመ።

«አልሰማሁም» አልኩት።

«ይቅር በለኝ» አለ ቀና ብሎ። አሁን ሽማግሌዎቹም ሰሙ።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ፤ ወጉ ነውና። ሽማግሌዎቹ አምነውኛል።