የክርስትና ስሙን ፍለጋ

የምሥራች፤ ቆርባለች። ምስር ብዪ እስክትሉኝ እንኳ መታገስ አልቻልኩም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ዛሬ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ያውም ግማሹ ሰው እየተቆጣባት ቆርባለች።

ማን ናት አትሉም? ወሰንየለሽ ናት። ቦንጋ ገበያ ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የምትውለው መበለት። አባቷ ከሰሜን ለጸሐፊነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እናቷ የዚሁ አገር ሰው፣ ካፊቾ ነበሩ። ስለዚህ በሁለት ቋንቋ ትቀልዳለች፣ በሁለት ቋንቋ ትሳደባለች። መልስ ያጣችበትን ቀን ያየ ሰው አልተወለደም።

ድሮ ልብስ ሰፊ አልነበረችም። የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። በሰማንያ ሰባት ዓ.ም. ግምገማ መጣ። የዚያን ጊዜውን ግምገማ ያየ ያውቀዋል፤ አዳራሹ ይዘጋል፣ ሰው በሰው ላይ ይነሣል፣ ቀድሞ የተናገረ ይተርፋል። ለገሰ የሚባል ባልደረባ ነበራት፤ ጠረጴዛው ከጠረጴዛዋ የገጠመ፣ ስምንት ዓመት ምሳ አብሯት የበላ። ከደካ የመጣ የአንድ ገበሬ የቡና መሬት ፋይል ጠፍቶ ነበርና ለገሰ ቀድሞ ተነሥቶ «የደበቀችው እሷ ናት» አለ። ፋይሉን ሳይፈርም ያወጣው ራሱ እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

«ጠዋት ጠባብ ተባልኩ፣ ከሰዓት ትምክህተኛ» ትላለች ያን ቀን ስታወራ። «በእናቴና በአባቴ ተራ በተራ ገቡብኝ። ማታ ሥራ ፈት ሆኜ ቤቴ ገባሁ።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ያዛት። አንዱ ጨጓራ ነው። በርበሬ የሚባል ነገር ከደጇ ራቀ፤ ተልባ እየበጠበጠች ትጠጣለች፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትሰፋለች። ሁለተኛው የባሰ ነበር። አባታችን ሆይ ሲደገም «በደላችንንም ይቅር በለን» ትልና «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ሲመጣ አፏን ትዘጋለች። ሰው ሁሉ ያን ብሎ እስኪጨርስ ቆማ ትጠብቅና «አቤቱ ወደ ፈተና አታግባን» ላይ ትቀላቀላለች። በቤተ ክርስቲያንም፣ በማኅበርም፣ በለቅሶ ቤትም እንዲሁ።

የማኅበሯ ሴቶች መጀመሪያ ተጠቃቀሱ። ኋላ ጎረቤቷ ጽጌ ጠየቀቻት።

«ምነው እትዬ ወሰንየለሽ፣ እዚያች ላይ ሲደርሱ ይረሳዎታል?»

«አልረሳሁም። አልዋሽም ነው። አንቺን ልዋሽሽ እችላለሁ፣ ፈጣሪዬን ግን ቆሜ አልዋሸውም።»

የንስሐ አባቷ አባ ኃይለመስቀል ቂም ይዞ መቁረብ እንደማይቻል ነገሯት። «እንግዲያው አልቆርብም» አለች። እንዲህ ስትል ቀልሏት እንዳይመስላችሁ። ባሏ ከሞተ በኋላ የቀራት ደስታ ቁርባን ነበር። ቆራቢዎች ሲሰለፉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅሳለች። ግን ብላለችና ዘጠኝ ዓመት ጸናች።

ባለፈው ሐምሌ አባ የተተረተረ የቀሚሳቸውን ጠርዝ ሊያሰፉ በረንዳዋ ላይ ተቀመጡ።

«ወሰንየለሽ፣ ከእንግዲህ ይቅር በዪ አልልሽም። ደክሞኛል።»

«እሰይ አባ። እኔም መስማቱ ደክሞኝ ነበር።»

«ጸልዪለት ብቻ። እኔ አንቺን የማነሣሽ በክርስትና ስምሽ አይደል? አንቺም በክርስትና ስሙ አንሺው።»

«ምን እንደምለምንበት ቢያውቁ እንዲህ አይሉኝም ነበር።»

«የፈለግሽውን ለምኚበት። እግዚአብሔር አይደነግጥልሽም። ስሙን መጥራት ግን አትተዪ።»

ስም መጥራት ምን ይከብዳል ብላ ተስማማች። ነገሩ ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ እንጂ፤ የክርስትና ስሙን አታውቀውም። ስምንት ዓመት አብሮ ምሳ መብላት ለዚያ አይበቃም። ስለዚህ በማግሥቱ የለገሰ ቤት ሄደች። ሚስቱ ፀዲ ደጃፍ ላይ ኮረሪማ ታሰጣለች።

«ፀዲ፣ የባልሽ የክርስትና ስም ማን ነው?»

ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። የሰውን የክርስትና ስም የሚጠይቅ ወይ ቄስ ነው ወይ ጠንቋይ ነው፤ ወሰንየለሽ ደግሞ ቄስ አይደለችም። ፀዲ ሰፌዱን እንደታቀፈች ገብታ በሩን ዘጋችባት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሰንየለሽ በለገሰ ላይ ልታስደግም ነው ተባለ። ወሬው በአውቶቡስ ሺሺንዳ ድረስ ሄዶ በነጋታው ሲመለስ አንድ ጥቁር ዶሮ ጨምሮ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለገሰ ራሱ መጣ። ዝናብ ነው። በረንዳው ላይ አልወጣም፤ የቆርቆሮው ጠፈጠፍ ትከሻው ላይ እየወረደ ጠርዙ ላይ ቆመ። ከስቷል። ፀጉሩም ሸብቷል።

«እትዬ ወሰንየለሽ፣ ስሜን ምን ሊያደርጉት ነው?»

የመኪናውን ፔዳል መርገጧን አልተወችም። «ልጸልይበት።»

«በእኔ ላይ?»

«ለአንተ። እኔም ገርሞኛል።»

«ምን ብለው ነው የሚጸልዩት?»

«እሱ በእኔና በፈጣሪዬ መካከል ነው። አንተ ለዚህ ስብሰባ አልተጠራህም።»

ሊስቅ ከጅሎ ተወው። «ያን ቀን ቀድሜ ባልነሣ ኖሮ...»

«አንተን ያባርሩህ ነበር። አውቃለሁ።»

«ልጆች ነበሩኝ።»

«እኔም ሆድ ነበረኝ፣ ለገሰ። እስከ ዛሬ ይነድዳል።»

ከዚያ መሬት መሬት እያየ «ወልደ ገብርኤል» አለና ሄደ።

በየማለዳው ጀመረችው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጸሎቷን ብትሰሙ ጸሎት አትሉትም። «ጌታ ሆይ፣ ይኸው ወልደ ገብርኤል። ምን አድርገው ብዬ አላዝህም፤ ሐሳብ ካጠረህ ግን እኔ አለኝ።» እንዲህ እያለች የሐምሌን እኩሌታ ጨረሰች፣ ፍልሰታም ገባ። በጾሙ በሁለተኛው ሳምንት፣ እንደ ልማዷ ስሙን ጠርታ ልትቆጣ ስትል፣ ቁጣዋ የሚያርፍበት ሰው አጣ። ወልደ ገብርኤል የሚባል ሰው በድሏት አያውቅማ። አዳራሽ ውስጥ የተነሣባት ለገሰ ነው። ወልደ ገብርኤል የአርባ ቀን ሕፃን ነው፤ እናቱ ታቅፋው፣ ውኃው ቀዝቅዞት፣ ቄሱ እጅ ላይ የሚያለቅስ ሕፃን። እግዚአብሔር የሚጠራው በዚያ ስሙ ነው። ያን ሕፃን ምን ብላ ትጥላው?

መጀመሪያ ተናደደች። «አባ ሸወዱኝ» አለች ብቻዋን። ቀጥሎ አለቀሰች። ከዚያ አባታችን ሆይን ጀመረችና የት እንደደረሰች ሳታውቀው «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ሲል የገዛ አፏን ሰማችው። በዚያ ሳምንት ሆዷ ተኛላት። ይህን ለሐኪም ብትነግሩት ተልባው ነው ያዳናት ይላል። ይበል። ተልባውን ዘጠኝ ዓመት ስትጠጣ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ያችን ቃል ከሰው ጋር ስትል ሰሟትና አሁን ደግሞ የተቆጣው ሌላው ሰው ሆነ። ወንድሟ ሰብሃት ቢታ ገነት በምትባል ከተማ ያስተምራል፤ በሰማ በሁለተኛው ቀን መጣ።

«ድንጋይ ተሸክሞ እግርሽ ላይ ሳይወድቅ? ሽማግሌ ሳይልክ? ምን ሆነሻል?»

«ድንጋዩን ተሸክሜ የኖርኩት እኔ ነኝ ወንድሜ። እሱን ብጠብቅ ጀርባዬ ይቆረጥ ነበር።»

«ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቅ። ሆዴ ሲነድ ማንም አላለቀሰልኝም።»

ለገሰም ወሬውን ሰምቶ ተመልሶ መጣ። አሁን በረንዳው ላይ ወጣ፤ ፊቱም ፈክቷል። «እንግዲህ ያለፈው አለፈ፣ ምንም አይደለም ብለውኛል አሉ» አላት።

መኪናዋን አቆመች። «እሱን ማን ነገረህ? ምንም አይደለም አላልኩም። ትልቅ ነገር ነው ያደረግኸኝ። ትንሽ ቢሆን እረሳው ነበር፤ ትልቅ ስለሆነ ነው ይቅር ማለት ያስፈለገኝ። ብያለሁም። ሰኞ ደግሞ ቅሬታ ሰሚው ዘንድ አቤቱታዬን አስገባለሁ። ፋይሉን ማን እንዳወጣው መጥተህ ትናገራለህ።»

«ይቅር ብለውኝ የለም እንዴ?»

«ይቅር ባልልህማ አልጠራህም ነበር። ፊትህን ማየት አልችልም ነበራ። አሁን ግን አያለሁ፤ ይኸው እያየሁህ ነው። ትመጣለህ?»

ለገሰ ወደ መንገዱ ተመለከተ። ባርኔጣውን ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሮ ሄደ። እሷም ስፌቷን ቀጠለች።

ዛሬ ጠዋት ታዲያ ተሰለፈች። ቆርባ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትወጣ ጽጌ በር ላይ ጠበቀቻት። «ይቅርታ እንዲህ ከረከሰማ እኛም እንበድልዎት እንጂ» አለቻት፣ ሌሎቹ እንዲሰሙ ጮክ ብላ። የቆረበ ሰው እህል ሳይቀምስ አፉን ለነገር አይከፍትም። መልስ አጥታ የማታውቀው ወሰንየለሽ ቆማ ዓይኗን ብቻ አፈጠጠች፤ ሴቶቹም ሳቁ። አንድ ጣቷን አነሣች፤ ጠብቂኝ ማለቷ ነው።

ቤቷ ገብታ ቆጮዋን በርበሬ በበዛበት ዳጣ በላች፣ ቀይ ወጡንም ደገመች፣ ውኃ ጠጣች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ጽጌ ደጅ ሄዳ ቆመች።

«የረከሰ ነገር ዘጠኝ ዓመት አይፈጅም፣ ጽጌ። የተበደልኩት እኔ፣ የማልኩት እኔ፣ ያለቀስኩት እኔ፣ ይቅር ያልኩትም እኔ ነኝ። ማኅበሩን ፈቃድ አልጠየቅኩም፣ ነገም አልጠይቅም። ሰኞ ለገሰ መጣም ቀረም እኔ የእሱን እጅ ጠባቂ አይደለሁም፤ ዛሬ ጠግቤያለሁ።»

ጽጌ ከበሩ ፈቀቅ ብላ «ይግቡ፣ ቁጭ ይበሉ» አለች። ገባች።

እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ሺሺንዳ ላይ ታንጉት አለች፤ በዚያው ግምገማ ከሥራ የወጣች፣ እሷም እንደዚሁ ከቁርባን እንደራቀች ያለች ናት፣ እስካሁን የነገራት የለም። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ሁለቴ ነፍቷል። ቦታ ሳይሞላ ልሩጥ።