ለእናቴ የተቀነሰው ቀለም

ሰው ፊት መጮህ ልማዴ ነው፤ አልክድም። ዲላ ገበያ ዳር ሱቅ ከፍቼ ሃያ ዓመት ስኳርና ጨው ስመዝን ኖሬያለሁ፤ የጎደለ ነገር ሳይ ደሜ ይፈላል። ያን ቀን ግን የጮህኩት በገዛ እናቴ ምርመራ ላይ ነው።

እናቴ ሱራያ የልቧ ቫልቭ ጠቦ፣ አሥር እርምጃ ስትሄድ ትንፋሿ ይቆራረጣል። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ደረቷ ሳይከፈት በጭኗ ደም ሥር አዲስ ቫልቭ ሊያስገቡላት ቀጠሮ ይዘዋል። ልኩን ለማወቅ መጀመሪያ ልቧ በሲቲ ስካን ይነሳ ስላሉን፣ እዚሁ ዲላ ወደተከፈተው ምርመራ ቤት ወሰድኳት።

ባለሙያዋ ሳሮን እዚሁ አጠገባችን ያለችው የቡሌ ልጅ ናት። ምስሉ እንዲጠራ በደም ሥር የሚሰጠውን ቀለም ስታዘጋጅ ቆሜ አየኋት፤ ከጠርሙሱ ግማሹን ብቻ ቀዳች።

"ግማሹን ለማን ልታስቀሪ ነው?" ብዬ ጮህኩባት። "ሙሉውን ካልሰጠሽ እናቴ አትነሳም!"

ወረፋ የያዘው ሰው አብዛኛው ደንበኛዬ ነው፤ ሁሉም ዞሮ አየኝ።

ሳሮን አልተቆጣችም። "ጋሼ ሱሀይል፣ የእናትዎ ኩላሊት ደክሟል። ሙሉው ቀለም ይጎዳቸዋል። ማሽኑ በትንሹም ልባቸውን አጥርቶ ያሳያል፤ ያዘዘውም ሐኪሙ ነው። ለመሆኑ እናትዎ የሕመም ማስታገሻ ይወስዳሉ?"

ወላሂ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ለጉልበቷ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ያስዋጥኳት እኔ ነኝ።

"ኧረ አትወስድም" አልኩ።

በሩ ክፍት ስለነበር እናቴ ከአልጋው ላይ ሰማችኝ። "እንዴ፣ እወስዳለሁ እንጂ! ጠዋትና ማታ። ልጄ አንድ ቀን አጓድሎብኝ አያውቅም" አለች፣ እየኮራችብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ምስሉ ጥሩ ሆኖ ወጣ። ሳሮን ለብቻዬ ጠርታ "ኩላሊታቸውን ያደከመው መድኃኒቱ ሳይሆን አይቀርም። ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙት። የሚሰሙት እርስዎን ነውና እርስዎ ይንገሯቸው" አለችኝ። ይቅርታ እንኳ ሳልላት አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ባጃጅ ውስጥ እናቴ ጉልበቷን እያሸች "እንክብሏን ስጠኝ" አለችኝ። ኪሴ ውስጥ ነበረች።

"አልቃለች" አልኳት።

"አይዞህ፣ ነገ ታመጣልኛለህ። አንተ ባትኖር ማን ነበረኝ?" ብላ እጄን አንስታ ሳመችው። እናት የልጇን እጅ!