ወንዝ ለሁለት የከፈለው መንደር

የአባቴ መንደር ሸንተረር ላይ ነው። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደውን አስፋልት ትተው ወደ ዓባይ በረሃ በሚያዘቀዝቀው ጥርጊያ መንገድ ሲወርዱ፣ ቤቶቹ በሸንተረሩ አናት ላይ ተደርድረው ይታያሉ። አፈሩ ቀይ ነው፤ በቆሎና በርበሬ ይስማማዋል። ውኃ ግን የለውም። ሰውም ከብቱም ለውኃ ቁልቁል ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያኑም ከመንደሩ በታች፣ ከሸንተረሩ ወገብ ላይ ነው ያለው። ሌላው አገር ሽቅብ እያየ ይሳለማል፤ እኛ ቁልቁል እያየን እንሳለማለን።

ልጅ ሳለሁ ምክንያቱን አባቴን ብጠይቀው «እኛ ነን የሄድነው እንጂ ታቦቱ አልተነቃነቀም» አለኝ።

ድሮ መንደሩ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ወንዙ ዳር ነበር። አንድ ዘመን ላይ ንዳድ ገባና ሰዉን ፈጀው። ሽማግሌዎች መክረው አገሩን ለመልቀቅ ተስማሙ። ታቦቱም አብሮ ይውጣ ቢሉ ግን መሪጌታው እምቢ አሉ። «ሕያዋኑ ውጡ፤ እኔ ሙታኑን ትቼ አልወጣም» አሉ ይባላል። ግማሹ ሰው ወደ እኛ ሸንተረር ወጣ። ግማሹ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ካለው ተረተር ላይ ሰፈረ። እኛ ገበያችንን ወደ ፍኖተ ሰላም አደረግን፣ ማዶዎቹ ወደ ቡሬ። ጋብቻው ቀረ። «ጥለውን ሄዱ» እንላቸዋለን፤ እነሱም ስለ እኛ ይህንኑ ይላሉ።

የአባቴ ታላቅ እህት በዚያ ዘመን ገና ልጃገረድ ነበሩ። እናታቸው ቀድመው ሞተዋል። አያቴ ልጆቹን ከዘመድ ጋር ወደ ላይ ሰደዱና፣ ያልታጨደውን ሰብል ለመጠበቅ እዚያው ቀሩ። ጥቂት ቆይቶ መርዷቸው መጣ፤ ሲያርፉ ማን አጠገባቸው እንደነበር ግን ለልጆቹ የነገረ የለም። አክስቴ ታናናሾቻቸውን፣ አባቴንም ጭምር፣ አሳደጉ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይወርዳሉ፤ ከዚያ በታች ግን እግራቸውን አንሥተው አያውቁም።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ከማስተምርበት ከፍኖተ ሰላም ልጠይቃቸው መጥቼ አብረን አስቀደስን። ስንወጣ ክንዴን ያዙኝ።

«ዛሬ ወደ ታች እንውረድ» አሉ።

«ምን አሰቡ፣ አክስቴ?»

«ዓይኔ እየደከመ ነው። ሳላየው እንዳይመሽብኝ።»

ቀስ እያልን ወረድን። በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። የታጨደ የጤፍ ማሳ ላይ ስንደርስ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ነዶ ይሰበስባል። ከማሳው መካከል ሞፈር ያልነካት ክብ ቦታ አለች፤ ሣር ውጧት፣ የድንጋይ መሠረቷ ብቻ ይታያል፤ በአንድ ጎኗ ያረጀ ቅንጭብ ቆሟል። አክስቴ አዩዋትና ቀጥ አሉ። የአባታቸው ቤት ነበረች።

ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ «ልጄ፣ ይችን ለምን ሳታርሳት ቀረህ?» አሉት።

«አባቴ አደራ ብለውኝ ነው፣ እናቴ። ‹ወዳጄ ነፍሱ የወጣችው እዚህ ነው፤ በሬ እንዳታስረግጥበት› ይሉኝ ነበር።»

«ወዳጄ የሚሉት ማንን ነው?»

ሰውየው ነዶውን አስቀምጦ ተረከልን። መንደሩ ሲለቀቅ ሁለት ጎረቤታሞች ሰብላችንን ሳናስገባ አንሄድም ብለው ቀሩ። አንደኛውን ንዳዱ ጣለው። ሌላኛው፣ የዚህ ገበሬ አባት፣ አጠገቡ ሆኖ በቅል ውኃ እያጠጣ አስታመመው። ሲሞትም በጀርባው ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን አደረሰው። ከዚያ እሱንም በሽታው ያዘውና ዘመዶቹ ወደ ማዶ ወሰዱት።

«እንግዲያ ብቻቸውን አልነበሩም?» አሉ አክስቴ።

«ኧረ አልነበሩም! ሲጨንቃቸው ‹ትልቋ ልጄ አለች፤ ታናናሾቿን እሷ ትይዛለች› እያሉ ነው ያረፉት።»

አክስቴ መሠረቱ ላይ ተቀመጡ። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ። «ያቺ ትልቋ ልጅ እሳቸው ናቸው» አልሁት ሰውየውን። በኋላ ቀና አሉና «አባትህስ አሉ?» ብለው ጠየቁት።

«ዐርፈዋል። እናቴ ግን አሉ፣ እማዶ።»

«እኔኮ ለቅሶ አልደረስሁም።»

«ኧረ እናቴ፣ እሱማ ቆየ እኮ።»

«ለቅሶ ይቆያል እንዴ? አሻግረኝ።»

ወንዙ ጎድሏል። ሰውየው በአንድ በኩል እኔ በሌላው ይዘናቸው ተሻገርን፤ ዳገቱንም እያረፉ ወጡት። የሰውየው እናት ደጃፍ ጋ ስንደርስ አክስቴ ነጠላቸውን እንደ ለቀስተኛ ዘቀዘቁ። ባልቴቲቱ ሰፌድ ይዘው በርበሬ ይቀነጥሱ ነበር። አክስቴን በዚያ አለባበስ ሲያዩ ደንግጠው ተነሡ።

«ደግሞ ማን ሞተብን?»

«የርስዎ ባለቤት ናቸው እኅቴ። አባቴን በክንዳቸው ይዘው የሸኙልኝ ሰው።»

ልጃቸው፣ አክስቴ የማን ልጅ እንደሆኑ ነገራቸው። ባልቴቲቱ ሰፌዱን ጥለው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ፤ ሁለቱም ትናንት ሰው እንደሞተበት አለቀሱ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ።

«እኛም የናንተን አልደረስነም እኮ» አሉ ባልቴቲቱ እያለቀሱ። «እሳቸው መምጣት ፈልገው ነበር። ‹አዳንሁት እንዳልል አላዳንሁት፣ ምን ብዬ ልጆቹን ልያቸው?› እያሉ ቀሩ።»

እንጀራ ቀረበልን፤ ጠላም ተቀዳልን። ሽማግሌዎቹ አክስቴን መሀል አስቀምጠው ማን ከማን እንደሚዛመድ ሲቆጥሩ፣ እኔ በጭራሽ የማላውቃቸው ሰዎች የአባቴ የአክስት ልጆች ሆነው ተገኙ። አንዷ ፍኖተ ሰላም እኔ አስተምራት የነበረች ልጅ እናት ናት።

ስንመለስ ባልቴቲቱ እስከ ወንዙ ሸኙን። ወደ እኛ ሸንተረር ስንወጣ አክስቴ በየዕረፍቱ ስለ አያቴ ያወሩልኝ ጀመር። ሲስቁ ድምፅ እንዳልነበራቸው፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ እንደነበር፤ ሲያርሱ ለበሬዎቹ ተረት ያወሩ እንደነበር። አንዱን ተረት ጀምረው ትንፋሽ አጠራቸውና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ እስኪጨርሱልኝ ጠበቅሁ።