አሥሩ ሳምንታት

የሰባተኛ ክፍል የሥነ ጽሑፍ መምህርቷን ባልደረቦቿ «እርማት» ይሏታል። የተጻፈ ነገር አይታ ዝም ማለት አይሆንላትም። ርዕሰ መምህሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፋትን ወረቀት ሳይቀር ቆማ አርማ ነው የምታልፈው። አንዴ እንዲያውም የሰርግ መጥሪያ አርማ ለላኪዎቹ መልሳ፣ ሙሽሮቹ እስከ ዛሬ ሰላም አይሏትም። እሷ ግን ምን ቸገራት፤ ደግ ሥራ ሠርቼ ተቀየሙኝ ባይ ናት።

ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምራለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ዓመታዊ ዕቅዷን አንድም ጊዜ ከአምናው ገልብጣ አታውቅም። ይህ ለሌላ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል፤ በመምህራን ዘንድ ግን ጉድ ነው። ዓመታዊ ዕቅድ ማለት ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚሞላ ፎርም ነው፤ በየትኛው ሳምንት ምን እንደሚሰጥ፣ በምን ዘዴ፣ በምንስ እንደሚመዘን። ሌላው መምህር የአምናውን አውጥቶ ዓመቱን ብቻ ይቀይርና በሩብ ሰዓት ተገላግሎ ይሄዳል። እርማት ግን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግታ፣ ሠላሳ ስድስት ሳምንት በማስመሪያ አስምራ፣ በእርሳስ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትጽፋለች። በእነዚያ ቀናት ባሏ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የሚበላው። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ታጋሽ ሰው ነው። «አንቺ አንዷን ሳምንት ከቦታዋ እስክታነሺ እኔ ሁለት ሞተር ፈትቼ እገጥማለሁ» ይላታል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ጣጣው የጀመረው በድስት ነው።

ታናሽ እህቷ ሌላ ከተማ ሥራ ተገኝቶላት ስትሄድ ልጇን እሷ ዘንድ ትታት ሄደች። ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስድስተኛን አልፋ ሰባተኛ ልትገባ ነው። ሳቂታ፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ሰው ሲያወራ አፍ አፉን የምታይ ልጅ ናት። በመጣች በሳምንቷ ቤቱን ቤት አደረገችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እርማት ወደ ትምህርት ቤት ስትወጣ ልጅቷ ገላዋን እየታጠበች ነበር፤ «ድስቱን ከሃያ ደቂቃ በኋላ አውርጂው» ብላ ጽፋላት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። ስትመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፣ ድስቱ ከስሏል፣ ልጅቷ መስኮት ከፍታ በፎጣ ታራግባለች። ወረቀቱ እንደተቀመጠ አለ።

«አላየሽውም እንዴ?»

«አይቼዋለሁ አክስቴ።»

«ታዲያ?»

«ለጋሼ የጻፍሽለት መስሎኝ ነዋ።»

እርማት ተቆጣች። ደረቅ፣ ልበ ቢስ፣ ያልተባለ ነገር የለም። ከዚያ ወረቀቱን አንስታ «እስኪ አንቺው አንብቢልኝ» አለቻት። ልጅቷ ወረቀቱን አየችው፣ አክስቷን አየቻት፣ ፊቷ ተለዋወጠ። «ድስቱን...» አለች፤ እሷንም ከጭሱ ገምታ እንደሆነ ያስታውቃል። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱን ገለበጠችው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለይታ ታውቃቸዋለች፤ ተሰልፈው ሲመጡ ግን አይገቡላትም። ካርዷ ላይ ለቋንቋ የተሰጣት ሰባ ሁለት ነው።

ያን ቀን እርማትን ሆድ ባሳት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከፊቷ የተቀመጡት ልጆች ድቅን አሉባት። ከመካከላቸው ስንቱ እንዲህ አፍ አፏን እያየ አለፈ? ማን ያውቃል። እሷ አታውቅም፤ አለማወቋ ነው ያንገበገባት።

በምዝገባው ሳምንት ወንበር ስባ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ተቀመጠች። ለሰባተኛ ክፍል የመጣውን ልጅ ሁሉ ወደ ጎን እየጠራች አራት መስመር ታስነብበዋለች። ያዘዛት የለም። ወላጆች የመግቢያ ፈተና መስሏቸው ልጆቻቸውን በክርን ጎሸም ጎሸም ያደርጉ ነበር። አንዱ አባት ልጁ ሲንተባተብበት «ቁርስ ሳይበላ ነው የወጣው» አለላት። «ይሆናል» አለችው፤ ምን ትበለው። ስልሳ ሦስት ልጅ ተመዘገበ። ሠላሳ ስምንቱ አራቷን መስመር አልተወጧትም።

«እነዚህን ልጆች ይዤ በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ዘይቤ ላወራ ነው?» አለች ለባሏ። እሱም ሳህኑን ጭኑ ላይ እንዳደረገ «እኔን ነው የምትጠይቂኝ?» አላት።

ወረቀቷን ዘረጋች። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሳምንታት ለማንበብ ብቻ ሰጠች። የሚያነበውን ልጅ ከማያነበው ጋር ታጣምራለች፤ በየቀኑ ድምፅ አውጥተው ያነባሉ፤ በየሳምንቱ መጨረሻ አንድ በአንድ ታዳምጣቸዋለች። የቀረው ሃያ ስድስት ሳምንት ነው። ግጥሙን ከስድስት ሳምንት ወደ አራት አወረደችው፤ ልብወለዱን ሸራረፈችው። ተውኔቱን የቆረጠችው ከሁሉ መጨረሻ ነበር፤ ተውኔት ነፍሷ ነው። ሲያልቅ ግን አየችውና ደስ አላት። በዕድሜዋ ከሠራቻቸው ዕቅዶች ሁሉ እውነተኛው ይሄ እንደሆነ ታወቃት።

ርዕሰ መምህሩ የቀድሞ ተማሪዋ ነው፤ ዛሬም እርስዎ እያለ ነው የሚያናግራት። ወረቀቱን ሁለቴ አገላበጠው።

«መምህርት፣ ይሄ እኮ የሰባተኛ ክፍል ዕቅድ አይደለም።»

«የሰባተኛ ክፍል ልጆች ዕቅድ ነው።»

«ይገባኛል። ግን ትምህርት ቢሮው የላከልን ፎርም ሳምንት አንድ፣ ምዕራፍ አንድ ነው የሚለው። ማንበብ የሚባል ምዕራፍ የለውም። የት ላስገባልዎ?»

«ሠላሳ ስምንቱን ልጆችስ የት ላስገባልህ?»

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ በተሻላት፤ ተጣልታው ይወጣላት ነበር። እሱ ግን እንደሷው ተጨንቆ ነው ወረቀቱን የመለሰላት።

ሁለተኛ ጊዜ አሥሩን ሳምንት «ምርመራ» በምትባለው የመጨረሻ ጠባብ ዓምድ ውስጥ በደቃቅ ጽሕፈት ጠቅጥቃ አስገባች። ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜ አሥሩን ወደ ስድስት ዝቅ አደረገች። ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን የሒሳብ መምህሩ በመምህራን ክፍል ውስጥ አጠገቧ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነክቶሻል? ለፋይሉ አንድ ዕቅድ፣ ለክፍሉ አንድ ዕቅድ ነዋ። እኔ ሃያ ዓመት የኖርኩት እንዲህ ነው።»

«ቢያውቁብህስ?»

«የፋይሉን ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?»

ሁለት ቀን አኮረፈች፤ ማንን እንዳኮረፈች ግን ራሷም አላወቀችውም። በመጨረሻ እጅ ሰጠችና የፋይሉን ዕቅድ ልትጽፍ ተቀመጠች። ጥፋቷ እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ነካ ነካ አድርጎ ይሰጥ ነበር። እርማት ግን ማጭበርበሩንም አሳምራ ነው የምትሠራው። የማትሰጠውን ትምህርት ዓላማውን ጻፈች፣ ዘዴውን ጻፈች፣ የማትፈትነውን ፈተና ጥያቄ ሳይቀር አወጣች። ሳምንት ከሳምንት ተያይዞ፣ ምዕራፍ ከምዕራፍ ተሰናስሎ ቁጭ አለ። ርዕሰ መምህሩ ተቀብሎ ፈረመበት፤ እሷም እውነተኛውን ዕቅድ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታ፣ በልቧ የሒሳብ መምህሩን እያመሰገነች ወደ ቤቷ ሄደች።

ዕቅዱን ባስገባች በአምስተኛው ቀን የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የምትከታተለው ሱፐርቫይዘር መጣች። ረጋ ያለች፣ የሰው ወሬ ሳታቋርጥ የምታዳምጥ ሴት ናት። የእርማትን ዕቅድ በፕላስቲክ ሽፋን አስገብታ ይዛዋለች።

«መምህርት፣ እንዲህ ያለ ዕቅድ በእጄ ገብቶ አያውቅም» አለች። «ሞዴል አድርገነዋል። ለዘጠኝ ትምህርት ቤት ተባዝቷል። በመጀመሪያው ሳምንት መምህራኑን ይዤ መጥቼ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ እናያለን። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ እየመጣሁ በዕቅዱ መሠረት መሄዱን እከታተላለሁ።»

እርማት ቀልቧ ተገፈፈ። የሒሳብ መምህሩን ፈለገችው፤ እሱ ጠመኔ እንደሚያመጣ ሰው ሹልክ ብሎ ወጥቷል። ምርጫ አልነበራትምና እውነቱን ተናገረች፤ ድስቱን ትታ ስለ ሠላሳ ስምንቱ ልጆች፣ ስለ አሥሩ ሳምንት፣ ሦስቴ ስለተመለሰው ዕቅድ። ሱፐርቫይዘሯ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ሠላሳ ስምንት? ብዙ ነው።»

«ብዙ ነው።»

«እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ያን ቀን እኔው ራሴ አስነብባቸዋለሁ። እንዳሉት ከሆነ አሥሩን ሳምንት ቢሮ ሄጄ አስፈቅድልዎታለሁ፤ ቃሌ ነው። ካልሆነ ግን ዓመቱን በዚሁ ዕቅድ ይሄዱልኛል።»

ከዚህ የበለጠ ፍርድ ከየት ይመጣል? እርማት እጇን ጨብጣ አመሰገነቻት። ርዕሰ መምህሩ ሱፐርቫይዘሯን ሸኝቶ ሲመለስ «ልጆቹን ትንሽ ያለማምዷቸው፣ እንዳንዋረድ» ብሏት ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

ቤቷ ስትገባ ግን ሐሳቡ አላስቀምጣት አለ። ከሰዓት በኋላ ሳህን እያጠበች ለባሏ፣ ባሏ ሲወጣ ለግድግዳው ታወራለች። እንግዶች ሊመጡ ነው፤ ልጆቹን ሊያስነብቡ ነው፤ ዓመቱ በዚያ አንድ ሰዓት ሊያልቅ ነው። ልጅቷ ጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማለች። የሰማችው ይሄን ይሄን ብቻ ነው፤ ሱፐርቫይዘሯ የገባችውን ቃል አልሰማችም። በሦስተኛው ቀን የሥነ ጽሑፉን መጽሐፍ ይዛ መጣችና የምዕራፍ አንድን የመጀመሪያ ገጽ ገለጠች፤ ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊ የሚያወራ ታሪክ ነው።

«አክስቴ፣ ይቺን አንብቢልኝ።»

እርማት እጇን በፎጣ አደራርቃ አነበበችላት፤ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች፣ እንደ ልማዷ በየነጥቡ እያረፈች።

«ድገሚልኝ።»

ደገመችላት። በማግስቱም ሦስቴ፣ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ልጅቷ የአክስቷን ጣት ሳይሆን አፏን ነበር የምታየው፤ እርማት ግን ያን ልብ አላለችውም። ራሷ መጽሐፍ ይዛ መምጣቷ ብቻ ልቧን አሞቀው። «ፍላጎቱ መጣ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል» አለች ለባሏ።

ቀኑ ደረሰ። ከክፍሉ ጀርባ አግዳሚ ተደርድሮ ሃያ የሚሆኑ መምህራን ተቀምጠዋል፤ ሁሉም የእርማትን ዕቅድ ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። ስልሳ ሦስቱ ልጆች በየዴስኩ ተጠጋግተዋል። ሱፐርቫይዘሯ ከመስኮቱ አጠገብ ቆማ «ምዕራፍ አንድን ማነው የሚያነብልኝ?» አለች።

እርማት ይህን አላሰበችበትም። ከስም ዝርዝር ትጠራለች ብላ ነበር። ማነው ቢባል እጁን የሚያወጣው የሚያነበው ነው፤ የማያነበው ዴስኩን ነው የሚያየው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማረች ሴት ይህን እንዴት ትረሳለች? «ከዝርዝሩ ቢጠሩ ይሻላል» ልትል አፏን ስትከፍት አንዱ ልጅ ተነስቶ የመጀመሪያውን አንቀጽ ጀምሯል። ጥርት አድርጎ አነበበ። ሁለተኛዋም አነበበች። በቃ፣ አሁን እናገራለሁ ብላ አንድ እርምጃ ስትራመድ፣ ከመሃለኛው ረድፍ የእህቷ ልጅ እጇን አወጣች። ክንዷን እስከ ትከሻዋ መዝዛ።

«አንቺ» አለች ሱፐርቫይዘሯ።

ልጅቷ መጽሐፏን ይዛ ቆማ ሦስተኛውን አንቀጽ ጀመረች። «ጀልባ ቀዛፊው ወንዙን እንደ ጎረቤቱ ያውቀዋል። ሲቆጣ ከሩቅ ይለየዋል፤ ሲታረቅም ከሁሉ ቀድሞ ይሰማዋል።» ቃል አልዘለለችም፣ አልተንተባተበችም። በየነጥቡ ታርፋለች። ያዘችው፣ በሦስት ቀን ያዘችው፣ አለች እርማት በልቧ፤ አሥር ሳምንቱም፣ እንግዶቹም ለአፍታ ጠፉባት። በዴስኮቹ መሃል አልፋ አጠገቧ ደረሰች።

መጽሐፉ የተገለጠው መሃሉ ላይ ነው። ጀልባም ቀዛፊም የለበትም፤ የተውኔቱ ምዕራፍ ነው። የልጅቷ ዓይን ገጹ ላይ ሳይሆን ሰሌዳው ላይ ነበር።

አንቀጹ አለቀ። ከኋላ አጨበጨቡ። «እንዲህ የሚያነቡ ልጆች ይዘው ነው አሥር ሳምንት የሚጠይቁኝ?» አለች ሱፐርቫይዘሯ፤ በፍቅር ነው ያለችው፤ እንግዶቹም ሳቁ። «እስኪ ወደሚቀጥለው ገጽ እለፊልኝ፣ ልጄ።»

ልጅቷ ወደ አክስቷ ቀና አለች። የሚቀጥለውን ገጽ ማንም አላነበበላትም። እርማት ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ግማሽ ደቂቃ ዝም ብትል አሥሩ ሳምንት የእሷ ነው፤ ሠላሳ ስምንቱ ልጆች ያነባሉ፣ ይቺም ታነባለች። የሚያስፈልገው ይቺ ልጅ በሃያ ሰውና በጓደኞቿ ሁሉ ፊት አፏ ተሳስሮ መቆሟ ብቻ ነበር።

«ይበቃታል» አለች እርማት። «ሰዓታችንም እየሄደ ነው።»

«እውነትዎን ነው፣ እኔም ያየሁት ይበቃኛል» አለች ሱፐርቫይዘሯ፤ ወረቀቷ ላይ የሆነ ነገር ጻፈችና ልጅቷን ልትጨብጣት በዴስኮቹ መሃል መምጣት ጀመረች።

«አላሳፈርኩሽም አይደል አክስቴ?» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ።

«አላሳፈርሽኝም የኔ ልጅ» አለቻት፤ ጎንበስ አለችና፣ ሴትዮዋ ሳትደርስ፣ ገጾቹን ወደ ኋላ እየገለበጠች መጽሐፉን ጀልባ ቀዛፊው ላይ ከፈተችላት።